ሐዋሳ፦ የመካከለኛ ከተማ ኑሮ በቁጥር ሲመረመር

የሐዋሳን ነዋሪ ስለ ከተማው ኑሮ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ምስጋናው ይመጣል፤ መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ሠራተኛው ምሳውን ቤቱ በልቶ በሰዓቱ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሰው ሲታመምም ሆነ ሲሞት ጎረቤት ደራሽ ነው። ቀጥሎ «ግን» የምትለዋ ቃል ትመጣለች፤ ሥራ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሕመሙ ጠንከር ያለ እንደሆነ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ግድ ይሆናል፣ ደግሞም ሰው ሁሉ የሰውን ጓዳ ያውቃል።

እነዚህ ሁለት ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ይመስላሉ። ምስጋናውን ለተፈጥሮ፣ ቅሬታውን ለአስተዳደር መስጠት የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አብዛኞቹ ምስጋናዎችና አብዛኞቹ ቅሬታዎች ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከከተማዋ የሕዝብ ቁጥር የሚቀዱ መሆናቸውን ለማሳየት እንሞክራለን። ለዚህ የሚያስፈልገን ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚያውቀው እምብዛም አያልፍም። ትምህርቱን ጨርሶ «የት ልኑር?» የሚለው ጥያቄ ለሚጠብቀው አንባቢ ደግሞ ነገሩ ከሒሳብ መልመጃነት ያለፈ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ 157,139 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,739,551 ነበር። በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠችው ድሬዳዋ እንኳ በከተማ ክልሏ የነበራት ሕዝብ 233,224 ብቻ ነው። አንዷ ከተማ ተከታይዋን ወደ 12 ጊዜ ያህል የምትበልጥበት ሀገር በዓለም ብዙ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ከተሞች በእጅጉ ያደጉ ሲሆን፣ ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ለስሌታችን የምንጠቀመው ይህንኑ አኃዝ ነው።

ከርቀት እንጀምር። ለስሌት እንዲመቸን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 8,000 ሰው ይኖራል እንበል፤ ከተማዋንም ክብ አድርገን እንሳላት። የሐዋሳ ስፋት 19.6 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ራዲየሷም 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በክብ ውስጥ በዘፈቀደ በተመረጡ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አማካይ ርቀት የራዲየሱ 0.905 እጥፍ መሆኑ በካልኩለስ የሚረጋገጥ ነው። ስለዚህ በዚህች የሐሳብ ከተማ ከቤት እስከ ሥራ ያለው አማካይ መንገድ 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዚያው ጥግግት ስሌቱን ለአዲስ አበባ ብንደግመው ራዲየሱ 10.4፣ አማካይ መንገዱም 9.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ በእግር ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ነው። ሕዝቡ 17 እጥፍ ሲበልጥ ርቀቱ 4 እጥፍ ብቻ ያደገው፣ ርቀት ከስፋት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቼዛሬ ማርኬቲ የተባሉት ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተዋሉ፤ ሰው በዘመኑ ያለው መጓጓዣ ምንም ይሁን ምን፣ በየቀኑ ለመሄጃና ለመመለሻ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚያውለው። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በግማሽ ሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የጥንት ባለግንብ ከተሞች ዲያሜትር ከ5 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጠው ለዚህ ነው ይላሉ። የእኛ የሐሳብ ሐዋሳ ራዲየስ ልክ 2.5 ሆኖ መውጣቱ ካስቀመጥነው ጥግግት የመጣ አጋጣሚ ነው። ቢሆንም፣ ነዋሪው ምሳውን ቤቱ በልቶ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ያመለክታል።

በሐዋሳ ላይ ደግሞ የሜዳው ነገር አለ። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተቆረቆረች። ሳይክል የከተማዋ መለያ እስከ መሆን የደረሰበት ምክንያት በቀላል ፊዚክስ ይገለጻል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሳይክል፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሰበቃንና የነፋስን ግፊት የሚያሸንፍ 55 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግን በዚያው ፍጥነት ለመቀጠል የስበትን ኃይል ለማሸነፍ ብቻ ተጨማሪ 174 ዋት ያወጣል፤ በድምሩ ከአራት እጥፍ በላይ። የመጀመሪያው የመናፈስ ያህል ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊዘልቀው የማይችለው ድካም ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሆኖ «አዲስ አበቤ ለምን ሳይክል አይወድም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እዚህ ያገኛል።

አሁን ወደ ሰው ለሰው ግንኙነት እንለፍ፤ በእኛ እምነት የመካከለኛ ከተማ ኑሮ ልዩ ጠባይ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በመልክና በስም የሚለያቸው 800 የከተማው ነዋሪዎች አሉት እንበል። በሐዋሳ ይህ ከ196 ሰዎች አንዱ ማለት ነው። ወደ ገበያ ሲወጣ በ200 ሰዎች አጠገብ ቢያልፍ፣ ቢያንስ አንድ የሚያውቀውን ሰው የማግኘቱ ይሆናልነት 64 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያንኑ 800 ሰው ቢያውቅ፣ ከ3,424 ሰዎች አንዱ ስለሚሆን ይሆናልነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በእውነተኛው ኑሮ ወዳጆቻችን በየአቅጣጫው የተበተኑ ሳይሆኑ በሰፈራችን፣ በሥራችንና በቤተ እምነታችን ዙሪያ የተሰበሰቡ ስለሆኑ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ይላሉ። ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ሐዋሳ ላይ ከቤት የወጣ ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ መመለስ የሚከብደው ጠባዩ ከሌላው ስለተለየ ሳይሆን ቁጥሩ ስለሚያስገድደው ጭምር ነው።

ይህ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው ደንበኛውን ነገም ከነገ ወዲያም እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ ሁለት ሰዎች ደጋግመው የሚገናኙ ከሆነና መቼ እንደሚለያዩ ካላወቁ፣ ከማታለል ይልቅ መተባበር ያዋጣቸዋል። ዕድርና ዕቁብም የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ ጣጥሎ የሚጠፋበት ቦታ የሌለው ሰው ዕጣ ከወጣለት በኋላም መክፈሉን ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ያንኑ ስሌት ፍቅር ሐይቅ ዳር አብረው በሚሄዱ፣ ገና ለቤተሰብ ባልተነጋገሩ ሁለት ወጣቶች ዓይን እንየው። እያንዳንዳቸው 800 የተለያዩ ሰዎች የሚያውቋቸው ከሆነ፣ በ200 ሰዎች መካከል አልፈው ማንም ሳያውቃቸው የመመለሳቸው ዕድል 13 በመቶ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ግን 89 በመቶ ይሆናል። ምሽት ላይ እናቷ «ዛሬ ከማን ጋር ነበርሽ?» ብላ ብትጠይቃት የሚገርም አይደለም። የማይነገር ሕመም ይዞ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው፣ ከሥራ የተባረረና ገና ለጎረቤት ያልተናገረ አባወራ፣ ከሰፈሩ ልማድ የተለየ ነገር መሞከር የሚፈልግ ወጣት፣ ሁሉም በዚሁ 13 በመቶ ውስጥ ለመግባት ይጣጣራሉ። በችግር ጊዜ ደራሽ የሚያመጣው መተዋወቅና የሰውን ጓዳ የሚያስወራው መተዋወቅ አንድ ናቸው፤ አንዱን ጠብቆ ሌላውን ማስቀረት ይቻላል የሚል ሐሳብ ለእኛ አልተዋጠልንም።

የአገልግሎት ጉዳይ አጠር ያለ ነው። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ቫልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳስረዱት፣ ማንኛውም አገልግሎት ለመቆም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የተጠቃሚ ቁጥር አለ። ዳቦ ቤት ጥቂት መቶ ቤተሰብ ይበቃዋል። በዓመት ከ10,000 ሰዎች አንዱን የሚያጠቃ ሕመም ግን በ157,139 ሕዝብ ውስጥ 16 ሰው ብቻ ሲያገኝ፣ በ2,739,551 ውስጥ 274 ሰው ያገኛል። አንድ ሐኪም ሙያውን ለማዳበርና ውድ መሣሪያ ሥራ እንዳይፈታ ለማድረግ 16 ሕሙማን አይበቁም። ከሐዋሳ ዙሪያ ካለው ሰፊ ገጠር የሚመጣው ሕመምተኛ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ከተማዋ ብቻዋን ልትሸከም ከምትችለው በላይ አገልግሎት ይሰጣል። ከዚያ ያለፈው ግን «ወደ አዲስ አበባ» ተብሎ ይጻፋል።

የሥራው ነገር ይበልጥ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሉዊስ ቤተንኮርት፣ ጄፍሪ ዌስትና ባልደረቦቻቸው የአሜሪካን፣ የአውሮፓንና የቻይናን ከተሞች መረጃ መርምረው፣ የደመወዝና የፈጠራ መጠን ከሕዝብ ቁጥር ጋር 1.15 አካባቢ በሆነ አርቢ እንደሚያድግ ዘገቡ። የሕዝብ ቁጥር ሁለት እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። የመንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ርዝመት የመሳሰሉት ደግሞ ከሕዝቡ ዕድገት ባነሰ ፍጥነት ስለሚያድጉ ትልቁ ከተማ በነፍስ ወከፍ ይቆጥባል። ከባድ ወንጀልና ተላላፊ በሽታም ከደመወዙ ጋር በተቀራረበ አርቢ ያድጋሉ። ከዚህ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የቦርንስታይን ጥናት በ15 ከተሞች የእግረኛን ፍጥነት ለክቶ ከተማው በጨመረ ቁጥር ሰው ፈጥኖ እንደሚራመድ አሳይቶ ነበር። ቀመሩ ለእኛ ቢሠራ ኖሮ በአዲስ አበባና በሐዋሳ መካከል የሚኖረው የነፍስ ወከፍ ልዩነት ወደ 53 በመቶ ይጠጋ ነበር። ይሁን እንጂ ቀመሩ የተገኘው ከሌላ ዓለም ከተሞች ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ለውርርድ እንዲያውሉት አንመክርም።

ከደመወዝ መጠን ይልቅ የሚያሳስበን የአማራጭ ማነስ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከገጠር ለመጡ በርካታ ሺህ ወጣቶች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የልብስ ስፌት ሥራ ይዞ መጣ። ለከተማዋም የቤት ኪራይ ውድነትን አመጣ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድሏን ስታጣ፣ በሩቅ ሀገር የተወሰነው ውሳኔ በአንድ ከተማ ላይ በረታ። ትልቅ ከተማ አንዱ ዘርፍ ሲታመም ሠራተኛውን ወደ ሌላው ያሻግራል። መካከለኛ ከተማ ግን የሚያሻግርበት ሌላ ዘርፍ ብዙ ላይኖረው ይችላል።

ከቁጥር ውጭ የሆነ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የከተማዋን አየር ያለዝባል፤ ውኃ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ ከደረቅ አፈር አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ቀን ቀን ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወደ ከተማው ይነፍሳል። በሌላ በኩል የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዊ አለት በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው ከዚህ የሚበልጡ ጉድጓዶች ያሉ ሲሆን፣ የልጆች ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም በትነት ውኃው ሲቀንስ መጠኑን እንደሚያደምቀው ማስታወስ ይገባል።

ይሁንና ሐይቁም ቢሆን ከቁጥር አላመለጠም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው በአብዛኛው በትነት ነው የሚወጣው፤ ትነት ደግሞ ጨውን፣ ማዳበሪያንና ሳሙናን ትቶ ይሄዳል። የ70 ሺህ ሰው ፍሳሽና የዚያ ብዙ እጥፍ ሕዝብ ፍሳሽ የሚያርፉት በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አሞራ ገደል ቆሮሶ የሚበላ ሰውም፣ በአጠገቡ ትርፍራፊ የሚጠብቀው አባ ኮዳም በዚህ ጉዳይ ያገባቸዋል።

ከተማዋ በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 69 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። በ13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከእጥፍ በላይ አደገች፤ ርቀቱም፣ ጥግግቱ ሳይለወጥ ቆይቶ ቢሆን፣ በግማሽ ያህል ረዘመ ማለት ነው። ባጃጅ የሚፈለገውና የድሮ ነዋሪዎች «ዛሬ መንገድ ላይ የማውቀው ሰው ጠፋ» የሚሉት ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ስሌታችን ምን ያህል ከእውነታው ጋር እንደሚቀራረብ ለመፈተን የሚፈልግ ተማሪ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው። በሥራ ቀን ከገብርኤል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ እየተጓዘ የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ይቁጠር፤ ከእነርሱ መካከል በስም የሚያውቃቸውንም ለይቶ ይመዝግብ። በዕረፍት ጊዜው አዲስ አበባ፣ ወይም በተወለደባት ትንሽ ከተማ ሆኖ ያንኑ ይድገም። ሦስቱን ቁጥሮች ከነዕድሜውና በከተማው ከኖረበት ዘመን ጋር ለዝግጅት ክፍላችን ቢልክልን፣ በሚቀጥለው እትም ከሌሎች አንባቢያን ውጤት ጋር አስተያይተን እናቀርበዋለን።