ሊትር ሁሉ ኪሎ አይደለም

«አንድ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ነው» የሚለው በብዙ ቤት እንደ ሕግ ይሠራል። ለውሃ ልክ ነው፤ ለወተትም ይቀርባል። ዘይት ላይ ግን አይሠራም። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በ5 ሊትር ጀሪካን ያለው ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም ቢሆን ነጋዴውን አይጠርጥሩት። ማር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይገባል። አንድ ኪሎ ማር ገዝተው ወደ ሊትር ዕቃ ሲገለብጡት ጎድሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ዱቄት ላይ ነው። «አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ነው?» ብሎ አንድ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱ ግን ኩባያው በተሞላበት አኳኋን ይወሰናል። ዱቄቱን በማንኪያ እያነሱ በቀስታ ሞልተው አፉን በቢላዋ ጀርባ ቢያስተካክሉት 120 ግራም ገደማ ይሆናል። ኩባያውን ጆንያው ውስጥ ነክረው ጠቅጥቀው ቢያወጡት 150 ይደርሳል፤ ያልፋልም። በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ነው የሚቀንሰው። በአራት ኩባያ ዳቦ ላይ ልዩነቱ 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩባያ ዱቄት ይሆናል። ውሃው ያው ሆኖ ሊጡ ሲደርቅና ድፎው ሲጠጥር የሚወቀሰው እርሾው ነው። ስኳር እንዲህ አያስቸግርም፤ አንድ ኩባያው 200 ግራም አካባቢ ነው።

«ኩባያ ያው ኩባያ ነው» የሚሉም አሉ። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200 ይይዛል። የሾርባ ማንኪያም ቢሆን በአሜሪካ 15፣ በአውስትራሊያ 20 ሚሊ ሊትር ነው። የቤታችን የሻይ ብርጭቆ ከአንዳቸውም ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ የሚሰፍር ሰው መጠኑ ስለማይዛባበት ችግር የለበትም፤ ችግሩ የሚመጣው ግማሹን በግራም፣ ግማሹን በብርጭቆ ሲለካ ነው።

ሚዛን የገዙ ሰዎች ደግሞ ማንኪያን ይንቃሉ። ይህም ስህተት ነው። በአንድ ግራም ደረጃ የሚያነብ የቤት ሚዛን ላይ 3 ግራም እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው፣ በቀላሉ ይዛባል። ለእርሾ፣ ለኮረሪማና ለጥቁር አዝሙድ ደረቅ ማንኪያ ይሻላል። ጨው ላይ ግን በማንኪያም ሲሰፍሩ ይጠንቀቁ፤ ደቃቁ ጨው ማንኪያውን ሲሞላው ከሻካራው ይበልጥ ይከብዳል።

የሚያዋጣው የራስን ኩባያ ማወቅ ነው። ባዶውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያ ሁልጊዜ በሚሞሉበት አኳኋን ዱቄት ሞልተው ይመዝኑ፤ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። ለጤፍ ዱቄት፣ ለስንዴ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ለየብቻ ይሥሩና ቁጥሩን በየዕቃው ክዳን ላይ ይጻፉት።