ጽዋውን የጣለው ሲምፖዚየም

«ሲምፖዚየም» የሚል ባነር የተሰቀለበት አዳራሽ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ከታሸገ ውኃ በቀር የሚጠጣ ያጣ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በጥንቱ ግሪክኛ «ሲን» አብሮ፣ «ፖሲስ» መጠጣት ነው። ራት ከተነሣ በኋላ ወንዶች በድንክ አልጋ ጋደም ብለው፣ ወይን እየተቀባበሉ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ግጥምና ስለ ፍቅር ይከራከሩ ነበር። ሚስቶች አይገቡም።

ቁም ነገሩ ወይኑ ላይ ነው። ሳይበረዝ መጠጣት ነውር ስለነበር በትልቅ ማሰሮ ከውኃ ጋር ይደባለቃል፤ መጠኑን የሚወስነው የግብዣው አለቃ ነው። ባለቅኔው ሄሲዮድ ሦስት እጅ ውኃ ለአንድ እጅ ወይን ይመክራል። የአልኮል መጠኑ 13 በመቶ የሆነ ወይን በዚህ ልክ ሲቀጥን 3 በመቶ ግድም ይሆናል። የጠላችንም ጉልበት በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። ለወግ የሚመቸውም ይኸው ነው፤ አልኮል ቀድሞ ከሚነካቸው አንዱ ራስን የመግታትና የማመዛዘን ሥራ ያለበት የአንጎል የፊት ክፍል ነውና ጥቂቱ ምላስ ይፈታል፣ ሲበዛ ግን ተናጋሪው የጀመረውን ይረሳል።

ፕላቶ «ሲምፖዚየም» ባለው ድርሰቱ እንግዶቹ ከትናንት ስካር ገና አልተላቀቁም። ሐኪሙ ኤሪክሲማኮስ የስካርን ጉዳት ሲነግራቸው እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ ብቻ ሊጠጣ ይስማማሉ፤ ዋሽንት ነፊዋንም አሰናብተው በየተራ ስለ ፍቅር ይናገራሉ። አልኪቢያዴስ ሰክሮ ከተፍ እስኪል ድረስ ወጉ አልፈረሰም።

ቃሉ በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ገብቶ ኋላ የምሁራን ጉባኤ መጠሪያ ሆነ። ምሁራኑ ወጉን ወስደው ጽዋውን ጣሉት።

ጽዋው እኛ ዘንድ አለ። የየካ ሚካኤል ማኅበርተኞች ወር በገባ በ12፣ የእንጦጦ ማርያም ማኅበርተኞች ደግሞ በ21 በባለተራው ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። መሪው ሙሴ ይባላል፤ የግሪኩ የግብዣ አለቃ ዘመድ ነው ቢባል ያስኬዳል፣ ሥራው ግን መጠጥ ከመመጠን ያልፋል። የተኳረፉ ካሉ ጽዋው ሳይነሣ ይታረቃሉ፤ የታመመው፣ የተቸገረው ይነሣል፤ የቀረው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ሴቶች የራሳቸውም፣ ከወንዶች ጋር የጋራም ማኅበር አላቸው፤ በዚህስ አቴንስን እንበልጣለን። ሲበተኑ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ይረከባል፤ የመጪው ወር መሰብሰቢያ ቤትም በዚያው ይታወቃል።