የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል በከንቱ እንዳይባክን

ውሃን ከወንዝ ስቦ ወደ እርሻ የሚያወጣው ፓምፕና እህል የሚፈጨው ወፍጮ፥ የኤሌክትሪክ ኃይል በደረሰበት ስፍራ፥ አብዛኛውን ጊዜ ኢንዳክሽን በሚባለው ሞተር ይንቀሳቀሳሉ። ሞተር ሲገዛ ዋጋውን የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ከተተከለ በኋላ በየቀኑ የሚበላውን ኃይል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ብዙ ሰዓት የሚሠራ ሞተር በዘመኑ ሁሉ ለኤሌክትሪክ የሚያስከፍለው ገንዘብ ከተገዛበት ዋጋ ብዙ ዕጥፍ ይበልጣል። ወጪውም በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬውና በአስፈጪው ላይ ነው።

የዚህ ሞተር አሠራር በ1888 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በኢጣልያ በጋሊሌዎ ፌራሪስ፥ በአሜሪካም በኒኮላ ቴስላ ተገለጸ። በውጭ በኩል ባለው የመዳብ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚዞር የማግኔት ኃይል ያስነሣል፤ ይህም ኃይል በውስጥ ያለውን መዘውር ሽቦ ሳይነካው ያዞረዋል። መዘውሩ ግን ሁልጊዜ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የማግኔቱ ኃይል በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር፥ ሥራ የተጫነበት መዘውር 1450 ያህል ይዞራል። በዚህ መዘግየት፥ በሽቦውና በብረቱ፥ በመፋተግም ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ብክነት ለማሳነስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው ምርጫ ነው። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎዋት ሥራ ከሚሰጡ ሁለት ሞተሮች አንዱ ከተቀበለው ኃይል 88 ከመቶውን፥ ሌላው 92 ከመቶውን ለሥራ ቢያውሉ፥ በዓመት 3000 ሰዓት ሲሠሩ ሁለተኛው 1480 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል። በዛሬ ሞተሮች ሰሌዳ ላይ ደረጃው አይ ኢ 1፥ አይ ኢ 2 እየተባለ ተጽፎ ይገኛል፤ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብክነቱ ያንሳል። ደግሞም ሞተሩ ከሥራው እጅግ የበለጠ አይሁን፤ ከአቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት ሲሠራ የሚባክነው ድርሻ ይበዛልና።

ሁለተኛው ፍጥነትን ከሥራው ጋር ማስማማት ነው። ውሃው ሲበዛ ቧንቧውን በቫልቭ አጥብቦ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት መተው፥ በሬን በጅራፍ እየነዱ በገመድ ወደ ኋላ እንደ መጐተት ነው። የኤሌክትሪኩን ምልልስ በሰከንድ ከ50 ዝቅ የሚያደርገው ኢንቨርተር የተባለው መሣሪያ ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሜዳ ላይ ውሃን በቧንቧ የሚገፋ ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ 80 ከመቶ ቢወርድ፥ የሚሻው ኃይል ወደ 51 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ውሃው ከጥልቅ ጕድጓድ የሚወጣ እንደ ሆነ ከፍታው ስለማይቀንስ ትርፉ ያንሳል። ሁልጊዜ በአንድ መጠን ለሚሠራ ፓምፕ ግን የሚበጀው ከመጀመሪያው ልክ የሆነውን መግዛት ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ የጠበቀም ኩሽኔታውን ይጐዳል። ያልተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ ሞተሩን ያደክማል፤ በማናፈሻው ላይ የተከማቸ ዱቄትም ያግለዋል። የሦስቱ መስመሮች ቮልቴጅ እኩል ካልሆነ ሙቀቱ ይበረታል። የተቃጠለ ሞተር ዳግመኛ ሲጠመጠም ሽቦው በቀድሞው ውፍረትና ዙር ይሁን።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር መዝገብ ቢያዝ መልካም ነው። የቈጣሪው ንባብ፥ የሠራበት ሰዓትና የተፈጨው ኩንታል በየሳምንቱ ይጻፍ። ለአንድ ኩንታል የሚወጣው ኃይል ከፍ ባለ ጊዜ፥ ሞተሩ ሳይቃጠል ጕድለቱ ይታወቃል።