እርጉዝ ሆነሽ ቫይረስ ሲይዝሽ እንግዴ ልጁ ምን ይሆናል?



ከቀጨኔ አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰሞኑን ኃይለኛ ጉንፋን ከነትኩሳቱ ይዞኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ‹ጉንፋን ምን ያደርጋል፣ ዝንጅብል ጠጪበት› አሉኝ። ልጄን ይነካብኝ ይሆን?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ።

መጀመሪያ፣ አትደንግጪ። ተራ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ጋ አይደርስም፤ መሃል ላይ እንግዴ ልጁ ወይም ፕላሴንታው አለና። እንግዴ ልጅ ሲወለድ ተከትሎ የሚወጣ ትርፍ ነገር አይደለም። ልጁ ሆድ ውስጥ እስካለ ሳንባውም ኩላሊቱም እሱ ነው፤ ኦክስጅንና ምግብ ያሳልፋል፣ ቆሻሻውን ይመልሳል። የእናትና የልጅ ደም ግን አይቀላቀልም። መሃል ያለው ሽፋን ሴሎቹ ተዋህደው አንድ ወጥ ስለሆኑ ቫይረስ በቀላሉ ሾልኮ አያልፍም። በደንብ እንደተተኮሰ የቀጨኔ እንስራ በሉት።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? በ3 መንገድ፦

1. ጥሶ የሚያልፍ ቫይረስ አለ። ሩቤላ፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስና ዚካ እንዲህ ናቸው። ሩቤላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከያዘ ሊያስወርድ፣ ወይም የልጁን ልብ፣ ዓይንና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል።

2. ልጁ ጋ ሳይደርስ እንግዴ ልጁን ራሱን የሚጎዳም አለ። ኮቪድ በጥቂት እናቶች ላይ ይህን አድርጓል። እንግዴ ልጁ ይቆጣል፣ ደም የሚዘዋወርበት ቦታ ይደፈናል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ልጁ ቫይረሱ ሳይዘው ዕድገቱ ሊቀንስ፣ ሲከፋም ሆድ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

3. በምጥና በወሊድ ሰዓት በብዛት የሚተላለፉ አሉ፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ። እንስራው ያን ጊዜ ይሰነጠቃል ማለት ነው። ኤችአይቪ ያለባት እናት ካልታከመች፣ የጡት ማጥባቱ ጊዜ ተጨምሮ፣ ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች ግን ከ5 በታች ይወርዳል። ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት።

ምን ላድርግ?

ክትትል በጊዜ ጀምሪ። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራሽን አድርጊ።

ትኩሳት ካለሽ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሐኪም ሳያዝልሽ አትውሰጂ። ከፋርማሲ በራስሽ የምትገዢው አሞክሳሲሊንም ቫይረስ አይገድልም።

የሩቤላ ክትባት በእርግዝና ወቅት አይሰጥም፤ ከማርገዝሽ በፊት ነው የሚወሰደው።

የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ደም ወይም የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ «ነገ አያለሁ» አትበይ። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ!

ለጠያቂዬ፦ ዝንጅብሉ ጉሮሮሽን ያለሰልሳል እንጂ ልጅሽ ደህና መሆኑን አይነግርሽም። ዛሬውኑ በቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ የልጁን የልብ ምት አስደምጪ። ካስፈለገ እዚያው ጉለሌ ወዳለው ጳውሎስ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል። ምቱ ደህና ከሆነ እፎይ ብለሽ ትመለሻለሽ።

እርጉዝ እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ላላችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤና!