ተጨማሪ የወጥ ቤት ካቢኔት ለሚያሠሩ ነዋሪዎች፦ የላይ ገጽን በአቅም ልክ ስለመምረጥ

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ሆነ በግል ይዞታ ላይ በተሠሩ አነስተኛ ቤቶች የሚኖሩ ዜጎች፣ ቤተሰብ እየበዛና ዕቃ እየጨመረ ሲሄድ፣ ቀድሞ ከነበረው የዕቃ ማጠቢያ አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ካቢኔት ጨምረው ማሠራታቸው የተለመደ ነው። የካቢኔቱን ሣጥን ዋጋ ከአናጢው ጋር ተነጋግሮ መወሰን እምብዛም አያስቸግርም። ብዙ ጊዜ ከታሰበው በላይ ወጪ የሚያስከትለው ከላይ የሚደረገው ገጽ፣ በገበያው አነጋገር «ቶፕ» የሚባለው ክፍል ነው። ምርጫው ከተበላሸም ጉዳቱ በገጹ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በመጋጠሚያው የሰረገ ውኃ የካቢኔቱን ሣጥን ያበላሻል፣ በጋራ ሕንፃ ደግሞ ወደ ታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቤት ሊወርድ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ነዋሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

በቅድሚያ ሥራውን መለየት

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው በሱቁ ውስጥ ካለው ውድ ዕቃ አይርቅም። ከዚህ ይልቅ በሚጨመረው ካቢኔት ላይ በየዕለቱ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መለየት ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል። የወጥ ቤት ገጽ በሥራው ጠባይ እርጥብ፣ ሙቅና ደረቅ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። እርጥቡ ዕቃ የሚታጠብበትና አትክልት የሚዘጋጅበት ነው። ሙቁ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚቀመጥበት ነው። ደረቁ ደግሞ ሲኒና ረከቦት፣ የቅመም ዕቃ፣ ዳቦና የመሳሰሉት የሚውሉበት ነው።

በተግባር ሲታይ ተጨምሮ የሚሠራው ካቢኔት በአብዛኛው ደረቅ ሥራ የሚያርፍበት ነው። እርጥቡ ክፍል ቀድሞ የነበረው የዕቃ ማጠቢያ ቦታ ነውና። ስለሆነም ሙሉውን ርዝመት በድንጋይ ማልበስ ግዴታ አይደለም። ከማጠቢያው ጋር በሚገናኘው ግማሽ ሜትር ላይ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ፣ በቀሪው ላይ ፎርማይካ ማድረግ ይቻላል። የሁለቱ ቀለም አለመመሳሰል ቅር የሚያሰኛቸው ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ የአሮጌውን ገጽ ቀለም በትክክል የሚመስል አዲስ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በግልጽ የተለየ ቀለም መምረጥ ለዓይንም የተሻለ ነው።

ፎርማይካ የተለበጠበት ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ

በዋጋ ዝቅተኛ ከሚባሉት አማራጮች ዋነኛው ይህ ነው። ፎርማይካ በሙጫ ተነክሮ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተጠበቀ የወረቀት ንብርብር ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎርማይካው ራሱ ውኃን ይቋቋማል። የሚበላሸው ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ነው፤ በተቆረጠ ጠርዝ፣ በሲንክ ቀዳዳ ዙሪያ ወይም በብሎን ቀዳዳ በኩል ውኃ ሲገባበት ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። በመሆኑም ፎርማይካን ሲንክ በሚገባበት ቦታ ላይ ማድረግ የሚመከር አይደለም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ግን የቀዳዳው ጠርዝ በሙሉ ሲንኩ ከመግባቱ በፊት በሲሊኮን ወይም ውኃ በማያስገባ ቫርኒሽ መሸፈኑን ነዋሪው በቦታው ተገኝቶ በዓይኑ ማየት ይኖርበታል። ሲንኩ ከገባ በኋላ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም።

እርጥበትን እንዲቋቋም የተሠራ ኤምዲኤፍ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ውስጡም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም አለው። አረንጓዴው ግን ማቅለሚያ ብቻ በመሆኑ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ርካሽና አስተማማኝ የሆነው ፈተና ከሻጩ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ውፍረቱን መለካት፣ ሌሊቱን በውኃ ውስጥ ማሳደር፣ በማግስቱም እንደገና መለካት ነው። በጉልህ ካበጠ ወይም በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ፣ በዋጋው መርከስ ምክንያት መግዛት አይገባም።

የጋለ ድስት፣ ጀበና ወይም ምጣድ በፎርማይካ ላይ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም። ሙጫው ሲላቀቅ ልባሱ ይነሣል፣ ቃጠሎውም በጥገና አይመለስም። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚጠቀምና ለረጅም ሰዓት የሚግል መሣሪያ በመሆኑ፣ በእንጨት ውጤት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ አየር የሚያስተላልፍ የብረት እግር ከሥሩ ሊኖረው ይገባል። ይህ የገጹን መልክ ከመጠበቅ ባሻገር ቤትን ከእሳት አደጋ የመከላከል ጉዳይ ነው።

እብነ በረድና ግራናይት

በሱቅ ቋንቋ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ጠባያቸው ግን በጣም የተለያየ ነው። እብነ በረድ በዋናነት ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ በመሆኑ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይበላል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም ብቻ ሳይሆኑ በየቤቱ የሚቦካው የእንጀራ ሊጥ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ፈስሶ ያደረ ሊጥ የእብነ በረድን ወዝ አጥፍቶ ደብዛዛ ምልክት ይተዋል። እርድና ዘይትም ሰርገው ይገባሉ። ለዚህ ነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚወጣው አንሥቶ ከውጭ እስከሚገባው ድረስ፣ ማንኛውም እብነ በረድ ለወለልና ለደረጃ ያማረውን ያህል ለወጥ ቤት ገጽ የማይመቸው። ግራናይት ግን በእነዚህ ነገሮች በቀላሉ አይበላም፣ በቢላም አይጫርም።

ሻጩ «ግራናይት ነው» ያለው ድንጋይ በእርግጥም ግራናይት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሻጩ ፈቃድ ጠይቆ፣ በቁራጩ ወይም በድንጋዩ የማይታይ ጎን ላይ በቢላ ጫፍ መሞከር ይበቃል፤ እብነ በረድ ይጫራል፣ ግራናይት አይጫርም። የሎሚ ጠብታ ለጥቂት ደቂቃ ቆይታ ስትጠረግ ወዙ ከጠፋ ድንጋዩ እብነ በረድ ነው። የተደበቀ ስንጥቅ ለመለየት ደግሞ ድንጋዩን በውኃ አርጥቦ ሲደርቅ መመልከት ይጠቅማል፤ ስንጥቅ ያለበት መሥመር ከሌላው ዘግይቶ ይደርቃል። ግራናይትም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የውኃ ጠብታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥቁር ነጥብ የሚተውበት ከሆነ ቀዳዳ የሚደፍን ቅባት ሊቀባ ይገባዋል።

ግራናይት ውድ ነው ብለው ገና ሳይጠይቁ የሚተዉት ነዋሪዎች ብዙዎች ናቸው። ሙሉ ሰሌዳ ለሚገዛ ሰው ግምታቸው ትክክል ነው። ለተጨማሪ ካቢኔት የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርዝመት ብቻ ነው። ድንጋይ ቆራጮች ከትልልቅ ሥራ የተረፉ ቁራጮችን ከሙሉ ሰሌዳው ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ቀለም ሳይመርጡ ልኬታቸውን ብቻ ይዘው ሁለት ሦስት ቦታ የሚጠይቁ ሰዎች ከሁሉ የበለጠ የሚቆጥቡት በዚህ መንገድ ነው። ጠርዙ ክብ ሆኖ እንዲወለወል ሲጠየቅ ዋጋው ስለሚጨምር፣ ቀጥ ያለና ስለቱ ብቻ የተሰበረ ጠርዝ ማዘዝ ሌላው የቁጠባ መንገድ ነው።

በሴሚንቶ ላይ የሚነጠፍ ሴራሚክ፣ ቴራዞና ሌሎች

ፌሮ የገባበት ስስ የኮንክሪት ጠፍጣፋ ሠርቶ ሴራሚክ ማንጠፍ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ ማንኛውም ልምድ ያለው ግንበኛ ሊሠራው ይችላል። ሙቀትንም ውኃንም ይቋቋማል። ደካማ ጎኑ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው፤ በርበሬና እርድ ገብተው ቀለሙን ይቀይሩታል፣ ከተሰነጠቀም ውኃ ያስገባል። ትልልቅ ሴራሚክ መርጦ የመጋጠሚያውን ቁጥር መቀነስ፣ መሙያውንም ጠቆር ባለ ቀለም ማድረግ ችግሩን ያቃልላል። በዚህ ዓይነት ገጽ ላይ ሙቀጫ አስቀምጦ መውቀጥ አይቻልም።

ቴራዞ በሴሚንቶ ውስጥ የእብነ በረድ ፍርፋሪ ተደባልቆ ከደረቀ በኋላ የሚወለወል በመሆኑ ጠንካራና መጋጠሚያ የሌለው ነው፤ ከላይ ስለ ኮምጣጣ ነገሮች የተባለው ግን ለእርሱም ይሠራል። የማይዝግ ብረት ለንጽሕና ተወዳዳሪ የለውም፣ ሆኖም ለመኖሪያ ቤት በልክ ማሠራቱ ርካሽ አይሆንም። የጣውላ ገጽ ደረቅ ለሆነ ቦታ ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ዘይት መቀባትን ግን ይጠይቃል።

ኳርትዝ በሚል ስም የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ድንጋይ በዋጋው ከዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጭ ቢሆንም፣ አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ከፍተኛ መጠን ያለው ሲሊካ በውስጡ ስለሚገኝ፣ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አጠቃቀሙን ከልክላለች። የግራናይት ብናኝም በመጠን ይነስ እንጂ ሲሊካ አለበት። ስለዚህ ማንኛውም ድንጋይ በቆራጩ ቦታ፣ ውኃ እየፈሰሰበት ተቆርጦና ተወልውሎ ማለቅ አለበት። በቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም በደረጃ መተላለፊያ በግራይንደር በደረቁ እንዲቆረጥ መፍቀድ የሠራተኛውን፣ የቤተሰቡንና የጎረቤቱን ጤና አሳልፎ መስጠት ነው።

ክብደትና ድጋፍ

ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነን ገጽ እንውሰድ። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከሆነ ወደ 13 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ግራናይት 58 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ 87 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት ሴራሚኩ ሳይጨመር እንኳ ከ150 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ኮንክሪት በምንም ሁኔታ በቺፕውድ ካቢኔት ላይ ሊያርፍ እንደማይገባ ነው፤ በግራና በቀኝ በብሎኬት የተሠራ መደገፊያ ያስፈልገዋል። ግራናይትም ቢሆን የካቢኔቱ መካፈያዎች ቀጥ ብለው የቆሙና የላይ ጠርዛቸው በውኃ ልክ የተስተካከለ ካልሆነ፣ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ አርፎ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ የማውጫውን ዋጋ ማሰብ አለበት። ድንጋዩን በሁለት ቁራጭ ማዘዝ ለማውጣት ያቀላል፤ መጋጠሚያው ግን ከሲንኩ ርቆ፣ በመካፈያው አናት ላይ ማረፍ ይኖርበታል።

ልኬትና የዋጋ ጥያቄ

ልኬት የሚወሰደው ካቢኔቱ ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ግድግዳዎች ቀጥ ብለው የተሠሩ ቢመስሉም ብዙዎቹ አይደሉም። ከፊት ለፊት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዋል፣ ይህም የሚፈሰው ውኃ በመዝጊያው ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ገጹ 1.08 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳውን የሚጠብቅ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መከላከያ ሲጨመር 1.26 ካሬ ሜትር ይሆናል።

የሁለት ሻጮችን ዋጋ ማነጻጸር የሚቻለው ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ሲያቀርቡ ብቻ ነው። አንዱ የነገረዎት ዋጋ ድንጋዩን ብቻ፣ የሌላው ደግሞ መቁረጡን፣ የሲንክ ቀዳዳውን፣ የጠርዝ ውልወላውን፣ ማጓጓዣውንና ገጠማውን ያካተተ ሊሆን ይችላል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱንም ይጠይቁ። ስምምነቱ ውፍረቱን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ የሚረከቡበትን ቀንና በገጠማ ጊዜ ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ የያዘ ይሁን። ሙሉ ክፍያ ሥራው ሳያልቅ አይክፈሉ፤ ለከፈሉትም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ቅሬታ ሲያቀርብ የሚያስረዳበት ማስረጃ አይኖረውም።

በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ

በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ ተለይተው ተቀምጠዋል። ካቢኔት በራስ ቤት ውስጥ መትከል የግል ጉዳይ ቢመስልም፣ ሲንኩን ወደ አዲሱ ገጽ ማዛወር፣ የቧንቧ መስመር የሚያልፍበትን ክፍት ቦታ መዝጋት ወይም ግድግዳ መብሳት ሌሎችን ይነካል። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሕንፃውን የባለቤቶች ማኅበር ማነጋገር ይገባል። የውኃ መዝጊያ፣ የፍሳሽ መክፈቻና የኤሌክትሪክ ሶኬት ከካቢኔቱ ጀርባ ተደብቀው እንዳይቀሩም አናጢውን አስቀድመው ያሳስቡ።

ገጠማው ካለቀ በኋላ ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውኃ አያስነኩት። ከዚያም ሲንኩን ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁ፣ በገጹና በግድግዳው መጋጠሚያ ላይም ጥቂት ውኃ ያፍስሱ፤ ቀድመው በካቢኔቱ ወለል ላይ ያነጠፉት ደረቅ ወረቀት ከአንድ ሰዓት በኋላ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሠራተኛውን መልሰው ይጥሩ።