የዓሣ ኩሬን ውኃ በውኃ ዕፅዋት ንጹሕ አድርጎ ስለ መጠበቅ

ውኃ ገብ መሬት ያላቸው ገዳማትና አድባራት፣ እንዲሁም በገጠር የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት፣ ከንብ ማነቡና ከጓሮ አትክልቱ ጎን ለጎን የዓሣ ኩሬ ለማዘጋጀት ምክር ሲጠይቁን፣ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጫጩቶቹ አቅርቦትና ስለ ኩሬው ስፋት ነው። ስለ ውኃው የምንጠየቀው ዓሦቹ አንድ ማለዳ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያጣጥሩ ከታዩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምእመናን ከኪሳቸው አዋጥተው፣ በጉልበታቸውም ቆፍረው ያለሙት የወራት ምርት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ እትም የኩሬ ውኃ የሚበላሽበትን ምክንያት፣ በአካባቢያችን የሚበቅሉ የውኃ ዕፅዋትም በምን መንገድ እንደሚረዱና በምን መንገድ እንደሚጎዱ ለማብራራት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ንጹሕ ውኃ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባናል። እንደ ምንጭ ጥርት ያለ፣ ወለሉ የሚታይ ኩሬ ለዓሣ እርባታ የተመቸ አይደለም። ለውኃው አረንጓዴ መልክ የሚሰጡት ረቂቃኑ አልጌዎች ለቆሮሶ ምግብ ናቸው፤ በቀን ብርሃንም ኦክስጅን ያመነጫሉ። መጠኑን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ውኃ ውስጥ አጥልቆ መዳፍን መመልከት በቂ ነው። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ደብዝዞ ከዐይን የሚሰወር ከሆነ ኩሬው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። የእጅ አንጓ ሳይጠልቅ መዳፍ ከጠፋ ኩሬው ከልክ በላይ ጠግቧል፤ እስከ ክርን ጠልቆም ጣቶች አንድ በአንድ ተለይተው ከታዩ ኩሬው ተርቧል። ጎርፍ ባደፈረሰው ውኃ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም።

ኩሬውን ከልክ በላይ የሚያጠግበው ምንድን ነው? ብዙዎች ከውጭ የሚገባ ቆሻሻ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ለዓሦቹ በእጃችን የምንበትነው ምግብ ነው። በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ ውስጥ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 400 ቆሮሶዎች አሉ እንበል፤ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። የክብደታቸውን 3 በመቶ ያህል በየቀኑ ቢመገቡ 1.2 ኪሎ ግራም ምግብ ያስፈልጋቸዋል። ከፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎና ከመሳሰለው የተዘጋጀው ምግብ 30 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ በውስጡ 58 ግራም ገደማ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ዓሣ ከዚህ ወደ ሥጋው የሚለውጠው ቢበዛ ሲሶውን ነው። የቀረው 40 ግራም ያህል ናይትሮጅን በየዕለቱ በውኃው ውስጥ ይቀራል፤ አብዛኛው በስንጥባቸው በኩል በአሞኒያ መልክ ይወጣል፣ ሌላው በኩስና ሳይበላ በዘቀጠ ምግብ መልክ ወለሉ ላይ ይከማቻል።

አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ውኃው በሞቀ ቁጥርም መርዝነቱ ይበረታል። በጭቃው፣ በድንጋዩና በዕፅዋት ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ነገር ግን ይህን ሲሠሩ እነርሱም ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ናይትሬቱ በበኩሉ ለአልጌዎች ማዳበሪያ ይሆናል። አልጌዎች ሲበዙ በቀን ኦክስጅን ቢሰጡም፣ ሌሊት ግን እንደ ዓሦቹ ሁሉ ከውኃው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ኦክስጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ዓሦችም ማለዳ ላይ ሞተው የሚገኙት ስለዚህ ነው። ሰው በክፋት መርዞብን ነው የሚል ጥርጣሬ ሲነሣ ሰምተናል። ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት ትናንት የተሰጠውን ምግብ መጠን መጠየቅ ይበጃል።

የውኃ ዕፅዋት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሥራቸው አሞኒያውን፣ ናይትሬቱንና ፎስፈረሱን ስበው ቅጠልና ግንድ ያደርጉታል። ሥራቸው ለጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ይሆናል፤ የሚንሳፈፈውንም ደቃቅ ቆሻሻ ይይዛል። ይሁን እንጂ ተክል ያከማቻል እንጂ አያጠፋም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወድቆ በኩሬው ውስጥ ከበሰበሰ፣ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ለውኃው ይሰጣል፤ በሚበሰብስበትም ጊዜ ኦክስጅን ያሟጥጣል። እንግዲህ ቆሻሻውን ከኩሬው የሚያስወጣው ተክሉን በጊዜው የሚያጭደው እጅ ነው። ለዚህም ነው ኮሚቴዎች የትኛውን ተክል እንትከል ብለው ከመወሰናቸው በፊት፣ ማን በየስንት ቀኑ እንደሚያጭድ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍሩ የምንመክረው። የሚያጭድ ሰው ካልተገኘ ባይተከል ይሻላል።

ከምናውቃቸው ዕፅዋት መካከል ለአጥቢያ ኩሬ ከሁሉ የሚስማማው ቄጤማ ይመስለናል። ካህናት ለቀዳም ሥዑር የሚያድሉት፣ በየቤቱም በበዓል የሚጎዘጎዘው ይኸው ቄጤማ ረግረግ ይወዳል፣ ታጭዶ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፣ ገበያም አለው። ሰው ሳይቀሰቀስ የሚያጭደው ተክል ነው ማለት ይቻላል። ፊላና ደንገልም እንዲሁ ጠንካራ ሥር ያላቸው ናቸው። በተለይ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ብዙ ናይትሮጅን ይወስዳል፤ ሆኖም በፍጥነት ስለሚስፋፋ ለትንሽ ኩሬ አይመከርም። ለተከላ የሚሆነውን ሥር ከአቅራቢያ ረግረግ በጥቂቱ ማምጣት እንጂ ረግረጉን ማራቆት አይገባም።

እነዚህን ዕፅዋት በኩሬው ውስጥ ከመትከል ይልቅ ውኃው በሚወጣበት ቦይ ላይ መትከል ይመረጣል። መጀመሪያ ዝቃጩ የሚያርፍበት አንድ ትንሽ ጉድጓድ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ውኃው ጠጠር በተሞላበትና ቄጤማ ወይም ፊላ በተተከለበት መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። የውኃው ከፍታ ከጠጠሩ ገጽ በታች ቢሆን የወባ ትንኝ የምትራባበት የተኛ ውኃ አይኖርም። የሚወጣው ውኃ ለአትክልት መስኖ ይውላል፤ የተትረፈረፈው ወደ ወንዝ ቢገባም ከታች ለሚኖረው ሕዝብ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማሳሰብ እንፈልጋለን፦ የዓሣ ኩሬ ከጠበል ምንጭና ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ በላይ በኩል በፍጹም መቆፈር የለበትም። ኩሬው ዘወትር ከበታቻቸው ይሁን። ከመደቡ የወጣ ውኃ ምንም ያህል ጥርት ቢልም ለመጠጥ አይሆንም።

በውኃው ገጽ ላይ ከሚንሳፈፉት መካከል ሌምና የምትባለው፣ ቅጠሏ የምስር ክክ የምታህለው ደቃቅ ተክል ልዩ ትኩረት ትሻለች። በተመቻት ቦታ በ2 እና በ3 ቀናት ውስጥ እጥፍ ትሆናለች፤ በጥሩ ሁኔታ ያደገችው ስትደርቅ ከክብደቷ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ሊኖራት ይችላል። ቆሮሶም ዶሮም ይበሏታል። በባንግላዴሽ ሚርዛፑር በተባለ ስፍራ የአንድ ሆስፒታል ግቢ ፍሳሽ ሌምና በበቀለበት ኩሬ እያለፈ ይጣራ፣ የታጨደውም ሌምና ለዓሣ መኖ ይውል ነበር። ሆኖም አቅሟን ከልክ በላይ ማግነን አይገባም። ትኩስ ሌምና አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ኪሎ ግራም ጋር ከኩሬው የሚወጣው ናይትሮጅን ቢበዛ 3 ግራም ያህል ነው። ከላይ የጠቀስነውን 40 ግራም ለማውጣት በየቀኑ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ማጨድ ሊያስፈልግ ነው። ከኩሬው አንድ አምስተኛ የሚገኘው ምርት ይህን አይሞላም። ስለዚህ ዕፅዋቱ ሸክሙን ይጋራሉ እንጂ ከመጠን በላይ የተመገበን ኩሬ አያድኑም።

ሌምና የኩሬውን ገጽ ሁሉ ከሸፈነች ብርሃንና አየር ስለምትከለክል፣ በቀርከሃ በተሠራ ተንሳፋፊ አጥር ተከልላ ከገጹ ከሩብ በላይ እንዳትይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ከአጥሩ ሥር መረብ ካልተዘረጋ ቆሮሶዎቹ ከታች እየለቀሙ ይጨርሷታል። አዞላ የተባለችው ሌላዋ ተንሳፋፊም ለመኖ መልካም ናት፤ ለማጽዳት ግን የምንመርጣት አይደለችም፤ በቅጠሏ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቃን አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለምታገኝ በውኃው ውስጥ ያለውን ለመውሰድ አትቸኩልም።

እንቦጭን በተመለከተ ቃላችን አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ ወደ ኩሬ አይግባ። አበባው ያማረ ነው፣ ቆሻሻ በመሳብ ረገድም ከማንም አያንስም፤ ይህን የሰማ አንድ ኮሚቴም ውኃ ያጣራልናል ብሎ ሊያስመጣው ሲዘጋጅ ደርሰናል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ላይ መከሰቱ ታወቀ። በጣና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና መነኮሳት ምን ያህል እንደ ደከሙበት አንባብያን ያውቃሉ። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ አንድ ጎርፍ ከኩሬ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሐይቅ ያደርሰዋል። እንቦጭ ካለበት ውኃ የመጣ መረብ፣ ታንኳ ወይም የጫጩት ማጓጓዣ ዕቃ ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት።

የታጨደው ተክል ከኩሬው ዳር እንዲከመር አይፈቀድ፤ ዝናብ ሲመጣ ጭማቂው ተመልሶ ይገባል። ራቅ ብሎ ከሣርና ከፍግ ጋር ኮምፖስት ይደረግ። በክረምት ደመና በከበደባቸው ቀናት ምግቡን በግማሽ መቀነስ፣ ዓሦች ማለዳ ወደ ላይ ሲያጣጥሩ ከታዩም ምግቡን ፈጽሞ አቁሞ አዲስ ውኃ ማስገባት ያስፈልጋል። አጫጁ ከሰኔ እስከ መስከረም በእርሻ ሥራ የሚያዝ ከሆነ፣ ኮሚቴው ተተኪውን በግንቦት ወር ይሰይም።