ባክስላሽ ስክሪፕት ሲያስቆም

ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ የሼል ስክሪፕት ዊንዶውስ ላይ ሲሄድ «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ በአድራሻው ውስጥ አንዱን ፎልደር ከሌላው የሚለየው ምልክት ነው።

ዩኒክስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ለዚህ ሥራ እዝባርን (/) ይጠቀማል። ሊኑክስና የዛሬው ማክም ይህንኑ ወረሱ። ማይክሮሶፍት በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር አልነበረውም፤ እዝባር የትእዛዝ አማራጮች መጠቆሚያ ነበር። በ1983 ዶስ 2.0 ፎልደር ይዞ ሲመጣ እዝባር ሥራ ላይ ስለነበር ባክስላሽ (\) ተመረጠ። ዊንዶውስ የቀጠለው በዚሁ ነው።

ሼል ደግሞ ባክስላሽን ለሌላ ጉዳይ ይፈልገዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ምልክት ልዩ ትርጉም ያሳጣበትና ባክስላሹን ራሱን ይጥለዋል። ሰነዶች\ደብዳቤ ተብሎ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢጻፍ ባሽ የተባለው ሼል የሚፈልገው «ሰነዶችደብዳቤ» የሚባል፣ የሌለ ፋይል ነው። ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝርም እንዲሁ ይለያያል። ዩኒክስ በኮለን (:) ሲከፍለው፣ ዊንዶውስ ኮለንን ከድራይቭ ፊደል ኋላ ስለሚያስቀምጥ በሴሚኮለን (;) ይከፍለዋል።

መፍትሔው ስክሪፕቱ ውስጥ ምንጊዜም እዝባር መጻፍና አድራሻውን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ነው። ፋይል የሚከፍተው የዊንዶውስ ክፍል እዝባርንም በአብዛኛው ይቀበላል። እንቢ የሚሉት የቆየው የትእዛዝ መስኮትና አንዳንድ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለእነሱ አድራሻውን መቀየር ያስፈልጋል። ምልክቱን ብቻ መተካት ግን አይበቃም፤ የድራይቩም አጻጻፍ ይለያያል። የሼል ስክሪፕት ዊንዶውስ ላይ ከሚያስኬዱት መካከል፣ የዊንዶውስ ሲ ድራይቭ በጊት ባሽ /ሲ ሲሆን፣ በደብልዩኤስኤል ኤምኤንቲ በሚባል ፎልደር ሥር ይገኛል። ስለዚህ ከደብልዩኤስኤልና ሲግዊን ከተባለው ሌላ ማስኬጃ ጋር አብረው የሚመጡትን መቀየሪያ ትእዛዞች መጠቀም ይሻላል።

ጊት ባሽ ሳይጠየቅም ይቀይራል። ለዊንዶውስ ፕሮግራም የተላከ፣ በእዝባር የሚጀምር አማራጭ አድራሻ ይመስለውና ወደ ፎልደር ስም ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ እዝባሩን ሁለቴ // ብሎ መጻፍ ያድናል። የማሽኑን ግምት ከመጠበቅ ይልቅ ቅየራውን አንድ ቦታ ላይ፣ የውጭው ፕሮግራም ከሚጠራበት መስመር በላይ በግልጽ ማስፈር ይመረጣል፤ ስክሪፕቱ ሌላ ማሽን ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው መስመር የታወቀ ይሆናል።